እምቢ ሊባል የሚችል ጥሪ

ስለ አገር መሪዎችና ስለ በጎ ፈቃደኞች የተደረገ የሕዝብ ንግግር



በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያስነገሩት የክተት አዋጅ በአገራችን ከተሰሙት ጥሪዎች ሁሉ ስመ ጥሩው ነው። ከተማሪ ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል፤ የካቲት 23 በመጣ ቁጥርም በየመድረኩ ይነበብልናል። ረጋ ብሎ ላዳመጠው ግን በዚያ አጭር አዋጅ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ። አንደኛው ይማፀናል፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለውም በሐዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። አቅመ ደካማው እንኳ ከጥሪው አልተተወም። ሁለተኛው ድምፅ ያስጠነቅቃል፤ ሰበብ ፈጥሮ ከቤቱ የሚቀር ሰው ኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እንደሚጣላ ይነግረዋል።

ያ የጦርነት ዘመን ነበርና ማስጠንቀቂያው አይደንቅም። የሚደንቀው ጦር ባልመጣበት ጊዜም ሁለቱ ድምፆች አለመለያየታቸው ነው። ፊደል ለማስቆጠር፣ ጉድጓድ ለመቆፈር፣ ችግኝ ለመትከል፣ ግድብ ለመገንባት በተጠራንበት ሁሉ ልመናውና ማስፈራሪያው ጎን ለጎን ሲሄዱ ኖረዋል። ሕዝቡም «የውዴታ ግዴታ» እያለ ሲቀልድበት ኖሯል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። መሪዎች በጎ ፈቃደኛን ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚታያቸው ያልተከፈለበት ጉልበት ነው። እኔ ግን ፈቃደኛ ለመሪ የሚሰጠው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር እውነተኛ መልስ ነው እላለሁ። ሰው እምቢ ማለት እየቻለ እሺ ሲል፣ መሪው የያዘው ሐሳብ በሕዝቡም ልብ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ ግን ሚሊዮን ሰው ቢሰለፍ መሪው ከሰልፉ የሚማረው ነገር የለም። ይህን በራሳችን ታሪክና ከእኛ ጋር በተያያዘ በሌላ አገር ታሪክ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ግን ከቤተ መንግሥት ወጥተን ገበሬው ማሳ ላይ እንቁም። አዝመራው የደረሰበትና ብቻውን የማይወጣው ገበሬ ደቦ ይጠራል። ጠላው ከቀናት በፊት ይጠመቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ወጡ ይሠራል። ባለቤቱ ወይም ልጁ በየደጁ እየዞረ «ማክሰኞ አጨዳ አለብን» ይላል። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ማጭዱን ይዞ ከሁሉ በፊት ማሳው ውስጥ የሚገኘው ራሱ ጠሪው ነው። የታመመ ጎረቤት ልጁን ይልካል፤ ራቅ ያለ ጉዳይ የያዘው አስቀድሞ ይነግራል። ጠሪው አምና በሰው ደቦ ላይ ያልተገኘ፣ ወይም ሰውን በባዶ ሆድ የሚያውል ስስታም ከሆነ ግን የሚመጣለት ሰው ጥቂት ነው። ዳኛ አይሰየምበትም፤ ሽማግሌም አይላክበትም። ሆኖም መልእክቱ ይደርሰዋል። ከጎረቤቱ ጋር ያለው ኑሮ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በዚያ ጠዋት፣ በማሳው ላይ በቆሙት ሰዎች ልክ ያውቀዋል።

ደቦ ከይሉኝታ የጸዳ ነው ማለቴ አይደለም። ጎረቤትን መፍራት አለ፤ ነገ ለእኔም ያስፈልገኛል ማለትም አለ፤ ተራ በተራ እየተረዳዱ በሚሠሩበት በወንፈልማ ብድሩ በቀን ይቆጠራል። ነገር ግን የጎረቤት ይሉኝታና የባለማኅተም ቁጣ አንድ አይደሉም። ጎረቤት ቢቀየም ቡና ላይጠራህ ይችላል። ባለማኅተም ቢቀየም ማዳበሪያህ፣ መታወቂያህ፣ የልጅህ ትምህርት ይያዛል። የአገር መሪ ሕዝቡን ለሥራ ሲጠራ ማኅተሙ ከእጁ አይወጣም፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። ኦክቶበር 14 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ጆን ኬኔዲ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ከተማ ገቡ። ከተቀናቃኛቸው ከሪቻርድ ኒክሰን ጋር በቴሌቪዥን ተከራክረው መምጣታቸው ነበር። ሐሳባቸው ለመተኛት ነበር። በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ሕንፃ ደጃፍ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ተማሪዎች እንቅልፋቸውን አጥተው ይጠብቋቸው ነበር። ኬኔዲ ደረጃው ላይ ቆሙና ለጥቂት ደቂቃ ተናገሩ። ከንግግሩ ታሪክ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሐኪም ልትሆኑ ከምትማሩት መካከል ጋና ሄዳችሁ ለማገልገል ፈቃደኛ የምትሆኑት ስንቶቻችሁ ናችሁ የሚል። ለመሐንዲሶቹም ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረቡ። ከዚያ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

በዚያ ሌሊት ድርጅት አልነበረም፤ በጀት አልነበረም፤ ሕግም አልነበረም። የነበረው መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ብቻ ነው። መልሱን የሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ተማሪዎች ባልንጀሮቻቸውን አስተባብረው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ፊርማው መቶዎችን አልፎ ሲሄድ የኬኔዲ ሰዎች ነገሩ ሥር እንዳለው ገባቸው። ኬኔዲ ኖቬምበር 2 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሐሳቡን በይፋ አቀረቡት። ምርጫውን አሸንፈው ሥልጣን ከያዙ በኋላ ማርች 1 ቀን 1961 በፈረሙት ትእዛዝ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች የሚልከው የሰላም ጓድ ተቋቋመ። እንዲመሩትም የእኅታቸው ባል ሳርጀንት ሽራይቨር ተሾሙ። በሴፕቴምበር ደግሞ ኮንግረሱ በሕግ አጸናው።

ከጥያቄው ቀጥሎ የመጣው ዝግጅት ከጥያቄው ያልተናነሰ ትምህርት አለው። ፈቃደኛው ደመወዝ አይከፈለውም፤ የሚሰጠው በሄደበት አገር እንደ አገሩ ሰው የሚያኖረው አበል ነው። ሲመለስ መቋቋሚያ እንዲሆነው ባገለገለበት በእያንዳንዱ ወር ያኔ 75 ዶላር ይቀመጥለት ነበር። ስምምነቱ ለሁለት ዓመት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቃል። ያልሆነለት ደግሞ አቋርጦ ወደ አገሩ መመለስ ይችላል። በዚህ ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ሰው ከየትኛው አገርና ከየትኛው ሥራ አቋርጦ እንደሚመለስ አይተው የት ላይ እንደሳቱ የሚያውቁበት መንገድ ነበራቸው።

ይህ ታሪክ የእኛም ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 በላይ የሰላም ጓድ አባላት በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ ገቡ። ዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ክረምቱን አማርኛ ሲማሩ ከርመው ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥት ተቀበሏቸው፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው ተመደቡ። የኢትዮጵያውን ቡድን እንዲመሩ የተላኩት የኬኔዲ የቅርብ አማካሪ የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድ ናቸው። ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑት ፖል ሶንጋስ ያኔ ጊዮን ትባል በነበረችው በወሊሶ አስተምረዋል። ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ አባቶችና እናቶች መካከል እንግሊዝኛንና ሒሳብን ከእነዚህ ወጣቶች የተማሩ ብዙ ናቸው።

ሁሉም ያማረ አልነበረም። የተማሪው ንቅናቄ ሲግል የአሜሪካን መንግሥት የሚያወግዘው ድምፅ ፈቃደኞቹንም አልማራቸውም። ይሁን እንጂ በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ ሲጀመር ከአገራችን የጤና ሠራተኞች ጎን ተሰልፈው በበቅሎና በእግር ቆላ ደጋውን ከዞሩት መካከል የሰላም ጓድ አባላት፣ እንዲሁም የጃፓንና የኦስትሪያ ፈቃደኞች ነበሩ። የመጨረሻው የአገራችን የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው አልታየም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመቻ ልምጣ። የኢትዮጵያ ተማሪ ገጠር ሂድ እስኪባል የሚጠብቅ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው እርሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር። ስለዚህ ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያስጀምር የሚጠራው ለመሄድ የተዘጋጀ ትውልድ ነበር። ጥሪው ግን እምቢ የሚባል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ ማግኘት እንደማይችል ተነገረው። ተማሪውም ወታደሮቹ ከከተማ ሊያርቁን ነው ብሎ ጠረጠረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪያቸውን ለብሰው እያጉረመረሙ ዘመቱ።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። በአንድ ቀን የዘመቻው መልክ ተለወጠ። ሲያኮርፍ የነበረው ዘማች አሥር ዓመት የጮኸለትን ነገር በእጁ እንዲያስፈጽም ዕድል አገኘ። ገበሬውን በማኅበር አደራጀ፤ አዋጁን አስረዳ፤ መሬት አከፋፈለ። በየቦታውም ከባላባቱና ከፖሊሱ ጋር ተጋጨ። በዚህ ጊዜ ሥጋት የያዘው ራሱ መንግሥት ነው። ዘማቾቹ ከአዋጁ አልፈው እየሄዱ ነው አለና ያስራቸውና ያስታግሣቸው ጀመር። ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ጥለው ወደ ከተማ ተመለሱ፤ ጥቂቶቹም ድንበር ተሻገሩ። ቀጥሎ በመጣው የደም ዘመን ከሞቱት ወጣቶች መካከል የነዚያ ዘማቾች ቁጥር ቀላል አይደለም።

እስቲ ይህን በመሪ ዓይን እንየው። 60,000 የሚለው ቁጥር ለደርግ ምን ነገረው? ምንም። በዚያ ቁጥር ውስጥ ለገበሬው ሲል በደስታ የሚሄድ ነበረ፤ ሕዝባዊ መንግሥት ካልመጣ አልዘምትም የሚል ነበረ፤ እናቱን ጥሎ መሄድ የከበደው ነበረ። ጥሪው እምቢ ቢባል ምንም የማያመጣ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ወገኖች በመጀመሪያው ቀን ተለይተው ይታዩ ነበር። የመሬቱ አዋጅም ከዘመቻው ቢቀድም ብዙው ተማሪ ያለ ማንም አስገዳጅ ይሄድ እንደነበር መገመት አይከብድም። መንግሥት ግን ቅሬታውን ያየው ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ የታየውም እንደ አስተያየት ሳይሆን እንደ ዐመፅ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በአደረጃጀቱ ከዚህ በብዙ የተሻለ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከብሔራዊ አስተባባሪ ኮሚቴ አንሥቶ እስከ ቀበሌ የወረደ መዋቅር ነበረው። መጽሐፍ ታትሟል፤ ትምህርቱም እያደር በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ደብተሩንና እርሳሱን፣ ኩራዙንና ጥቁር ሰሌዳውን ሕዝቡ አዋጥቷል። በ1980 እ.ኤ.አ. አገራችን በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያገኘችውም በዚህ ነው።

ትምህርቱ ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ከሥራ መልስ፣ አመሻሹ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በሣር ቤት ውስጥ ሰው ተደርድሮ ይቀመጣል። አስተማሪው የአሥራ ስድስት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ተማሪዎቹ አያቶቹ ይሆናሉ። «እማማ፣ ይቺ ማን ናት?» ይላል ፊደሏን በእንጨት እየጠቆመ። «እኔ እንጃ ልጄ፣ የትናንትናዋን ትመስላለች» ይሉታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የልጃቸውን ደብዳቤ ሰው ሳይለምኑ ለማንበብ የፈለጉ፣ በአውራ ጣት መፈረም ያሳፈራቸው ሰዎች ፊደሉን ያዙት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልለቀቃቸውም።

በሌላ በኩል መቅረት በቀበሌ የሚያስጠይቅበት ቦታም ነበር። እዚያ የሚመጣው ሰው ስሙን ለማስጠራት ይመጣል፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ ያንቀላፋል። መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ በንጉሡ ዘመን ከመቶ አሥር እንኳ እንደማይሞላ፣ ዘመቻው በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከመቶ ከ60 በላይ እንደደረሰ አስታወቀ። በዚህ አኃዝ ውስጥ ፊደሉን የያዘውና ስሙ ብቻ የተጠራው ሰው እኩል ተቆጥረዋል። የሚነበብ ነገር ባልደረሰበት ገጠር ብዙው ሰው የተማረውን መልሶ ሲረሳ፣ ከላይ ያለው ሪፖርት ግን መውጣቱን አላቆመም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የጤናው ሥራ አለ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በአብዛኛው አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ሴቶች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነውና ደመወዝ ተቆርጦላቸው በየቀበሌው ተመደቡ። ይህ በአፍሪካ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀስ የመንግሥት ውሳኔ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን አያዩም ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ከ70 በታች ወረደ። የሠራተኞቹ ድርሻ በዚህ ውስጥ ትልቅ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከእነርሱ ሥር የሴቶች የልማት ሠራዊት ተደራጀ። አንዲት ሞዴል እናት አምስት ጎረቤቶቿን ይዛ ቡና አፍልታ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወሊድ ታወያያለች። ሐሳቡ ብልህነት አለበት፤ ሴቶቻችን ድሮም በጀበና ዙሪያ የማይነጋገሩት ጉዳይ የለም። ነገር ግን ይህች እናት ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ልጅ ታዝላለች። አበል የላትም፤ የሥራዋም ማብቂያ ቀን አልተነገራትም። «አልችልም» ብትል የት እንደምትል አታውቅም፤ የመረጣት ቀበሌው ነው። ስለዚህ አልችልም አትልም፤ ዝም ብላ ትተወዋለች። ስሟ ከዝርዝሩ ሳይወጣ አምስቱ ጎረቤቶቿ መሰብሰባቸውን ያቆማሉ። ጤና ጥበቃ ያለው የሚመስለው ሠራዊትና መንደር ውስጥ ያለው ሠራዊት የሚለያዩት በዚህ ጸጥታ ነው።

የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነገር ደግሞ አንድን ጥሪ በሁለት ቦታ እንድናይ ያስችለናል። በ2003 ዓ.ም. ግንባታው ሲጀመር ሕዝቡ ቦንድ እንዲገዛ ተጠራ። አገር ቤት በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተደርጎ ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን ለመስጠት በሙሉ ድምፅ ወሰነ ተባለ፤ ገንዘቡም ከደመወዙ እየተቆረጠ ገባ። ከዚያ ውስጥ ልቡ የወደደው ስንት እንደሆነ ማን ለየው? ዋሽንግተን፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለው ወገናችን ግን እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አለም። በአሜሪካ ከተሞች የቦንድ ሽያጭ ስብሰባዎች በተቃውሞ ተረብሸዋል። ግድቡን እንወዳለን፣ መንግሥቱን ግን አንደግፍም ያሉ ብዙ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ የውኃ ሙሌቱ ክርክር ሲጦፍ፣ ከነዚያው ከተሞች ገንዘብ በፈቃድ ጎረፈ። መንግሥት የሕዝቡን የልብ ትርታ ለመለካት ቢፈልግ ትክክለኛውን መለኪያ የሚያገኘው ከደመወዝ መዝገቡ ሳይሆን ከዚህ ውጣ ውረድ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ደክመው ያዋጡ እኅቶቻችን የተሰማቸው ኩራት እውነተኛ የሆነው ማንም ስላላስገደዳቸው ነው።

«ማስገደድ ሥራውን እስካስፈጸመ ድረስ ምን ይጎዳል?» የሚል አድማጭ ይኖራል። መልሱን ከደም ባንክ ላምጣለት። ደም በሁለት መንገድ ይሰበሰብ ነበር። አንደኛው ምትክ ነው፤ ዘመድህ ሆስፒታል ተኝቷልና ክንድህን ዘርጋ ትባላለህ። ሁለተኛው በፈቃድ መስጠት ነው። ለጋሹ ደም ከመስጠቱ በፊት ቅጽ ይሞላል፤ ያለፈ ሕመሙን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ለበሽታ ያጋልጠው ይሆናል የሚባለውን አኗኗሩን ይጠየቃል። ዘመዱ በሞት አፋፍ ላይ ያለና የቤተሰቡ ዓይን ያረፈበት ሰው አንዳንዱን ነገር ይደብቃል። ደሙን በገንዘብ የሚሸጥ ሰውም ይደብቃል። በፈቃዱ የመጣው ግን «ዛሬ አይሆንልኝም» ብሎ ቢሄድ የሚያጣው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይናገራል። የዓለም ጤና ጉባኤ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሮች ያለ ክፍያ በፈቃድ በሚሰጥ ደም ላይ እንዲመሠረቱ ሲመክር የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአገራችንም የደም ባንክ አገልግሎት ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተላለፈ ወዲህ ሥራው ከምትክ ወደ በጎ ፈቃድ ዞሯል። ዛሬ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65 የሆናችሁና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኞች በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ለውጡ የመጣው በዘመቻ አይደለም። ቋሚ ጣቢያ ተከፈተ፤ ተንቀሳቃሽ ቡድን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ወጣ፤ ለጋሹ ሻይና ብስኩቱን ይዞ በክብር ተሸኘ፤ ባለሥልጣናትም ክንዳቸውን በአደባባይ ዘረጉ። እምቢ ያለ ግን አልተጠየቀም። እዚህ ላይ በግድ የተሰጠ ነገር ሊመርዝ እንደሚችል በላብራቶሪ ይታያል። በሌላው ሥራ ላብራቶሪ የለንም እንጂ ሕጉ ያው ነው፤ የተገደደ ሰው እውነቱን ይደብቃል፤ መሪውም በተደበቀ እውነት ላይ ይወስናል።

እንግዲህ ከመሪ ምን እንጠይቅ? የመሪ ድርሻ ትንሽ ነው አላልኩም። ኬኔዲ ባይጠይቁ የሰላም ጓድ አይኖርም ነበር፤ የመሬቱ አዋጅ ባይወጣ የተማሪው ጩኸት ጩኸት ሆኖ ይቀር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ብዙ ሰው ዶማ ይዞ እንዲወጣ ያደረገው ጥሪው ከላይ በመምጣቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩም አብረው በመትከላቸው ነው። ማንም የወረዳ አስተዳዳሪ ብቻውን ያን ሊያደርግ አይችልም። ነገር ግን ለተተከለው ቁጥር የሰጠነውን መድረክ ለጸደቀው ቁጥር እንስጠው። በክረምት የተከለ ወጣት በበጋ ውኃ ሊያጠጣ ሳይመጣ ቢቀር «ለምን?» ብለን እንጠይቀው፤ ቦታው ሩቅ ስለሆነ፣ ዛፉ የማን እንደሚሆን ስላላወቀ፣ ከብቱ ስለበላው ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ መልስ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይወጣል።

ጥሪ የሚያሰማ ባለሥልጣን ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ፤ «ይህ ሰው ባይመጣ ምን ይደርስበታል?» መልሱ ማዳበሪያ፣ የደረጃ ዕድገት፣ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ፣ የቀበሌ ደብዳቤ ከሆነ ያ ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ በሕግ ይጣል፣ ደረሰኝ ይሰጥበት። ምንም አይደርስበትም ከሆነ ጥሪውን ያሰማ፤ የፈቃደኛውን ትራንስፖርትና ምሳ ይቻል፤ የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ ያሳውቅ፤ የቀሩትንም ይቁጠር። የቀሩት ሰዎች ቁጥር ለአንድ መሪ ከየትኛውም የደኅንነት ሪፖርት ይበልጣል፤ ማንም አሳምሮ አልጻፈለትምና።

እኛስ? እኛም ንጹሖች አይደለንም። በስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን በረንዳ ላይ የምናማ፣ በወረቀት ላይ ፈርመን በማሳው ላይ የማንገኝ ብዙዎች ነን። ይህ ብልጠት ይመስለናል፤ ውጤቱ ግን መሪዎቻችን እንዳያውቁን ማድረግ ነው። በማናምንበት ሥራ ላይ «አልመጣም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» እንበል፤ ባመንንበት ደግሞ ሳንጠራ እንገኝ፣ የገባንበትንም እስከ መጨረሻው እንያዝ። ዕድሮቻችን በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ሕመምተኛ ሲያስታምሙና የሙት ልጅ ሲያሳድጉ እንዲህ አድርገዋል። እምቢታ ነውር መሆኑ ሲቀር እሺታ ክብደት ያገኛል፤ መሪዎቻችንም ሊመኩበት የሚችሉት እሺታ ያ ብቻ ነው።